ያልተፀነሱ ልጆች ካርድ

ዘጠኝ ቁጥር ክፍል ድሮ የተሰበረ ሚዛንና እግሩ የወለቀ አልጋ የሚጣልበት ዕቃ ቤት ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ «ቅድመ እርግዝና ክትትል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ሲገኝ፣ የጤና ጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ተደግፋ ሁለት ጊዜ አነበበችውና፣ ደግሞ ሳይረገዝ ምኑን ነው የሚከታተሉት ብላ ጠየቀች። እሷ አፍ አውጥታ ጠየቀች እንጂ ግማሹ ሠራተኛ በሆዱ ያንኑ ነበር የሚለው።

ክፍሉ የተሰጣት ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት፣ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዳ መጥታለች። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ለጥርስም ትምጣ ለሳል፣ በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት ሁሉ አንድ ጥያቄ ትጠየቃለች፤ በመጪው አንድ ዓመት ውስጥ ልጅ ለመውለድ ታስቢያለሽ? አዎ ያለች ወደ ዘጠኝ ቁጥር ትላካለች። እዚያ የደም ማነስ፣ የስኳርና የግፊት ምርመራ ይደረግላታል፤ የጎደላት ክትባት ይሰጣታል፤ የምትውጠው መድኃኒት ካለ ፅንስ የሚጎዳ እንዳይሆን ይጣራል፣ ከሆነም ሐኪም ይለውጥላታል። ከዚያ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ትንሽ ቢጫ ክኒን በቀን አንድ፣ ከመፀነሷ ሦስት ወር ቀደም ብላ ትጀምራለች። ሲስተር ይህን ስታስረዳ ምላሷ የተባ ነው። የልጁ አከርካሪ የሚገጥመው እናቲቱ ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነው፣ ባወቀች ቀን ያ ጊዜ አልፏል ትላለች። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው ትላለች። ሴቶቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እውነቷን ነው። ግን ይህችው ሲስተር ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ባሏ ጀርባውን ሲሰጣት ጠብቃ፣ ከነጭ የላስቲክ ብልቃጥ አንድ ክኒን በጣቷ ዳብሳ አውጥታ ትውጣለች። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቱ ሕመሙን ጸጥ ካሰኘው ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ባሏ አያውቅም፣ አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ አያውቁም፣ ጤና ጣቢያውም አያውቅም። ሲተጫጩ ልንገረው ብላ ቀን አጣች፤ ከተጋቡ በኋላ ልንገረው ብላ አፍ አጣች፤ ሦስት ዓመት እንዲሁ ሄደ። ያ ክኒን ደግሞ ፅንስ ከሚጎዱት አንዱ ነው። ሐኪም ዘንድ ቀርባ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ መለወጥ፣ ከዚያም ወራት መታገስ አለባት፤ ለዚህ ደግሞ መናገር ግድ ነው። ባሏ ዘንድሮ ልጅ እንይ ሲላት ግን እምቢ የምትልበት ሰበብ አጥታ፣ አዲሱ አገልግሎት ከመጀመሩ ሁለት ወር በፊት የወሊድ መከላከያ መርፌዋን አቋረጠች። መድኃኒቱን ለማስለወጥ ዛሬ ነገ ስትል፣ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ተመስገን ትላለች፤ ተመስገን በማለቷ ደግሞ ታፍራለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለታካሚዎቿ ስትናገር የሚያምርባት ሰው፣ ለራሷ ሲሆን ጆሮዋ ይደፈናል። ሰው ነች፣ ምን ይደረግ።

ካርድ ክፍሉን የሚጠብቁት ሽማግሌ አባ መዝገብ ይባላሉ። እሳቸው ፈልገው የማያገኙት ፋይል የለም ለማለት የወጣላቸው ስም ነው። ለአዲሱ አገልግሎት ይመጣል የተባለው ቅጽ ሲቀር፣ አባ መዝገብ ባዶ መደርደሪያ ማየት ስለማይወዱ ከመጋዘን የተረፈ ሰማያዊ ካርድ ተሸክመው መጡ፤ የሕፃናት እድገት መከታተያ ካርድ። ዞሮ ዞሮ ልጁ ሲወለድ የሚከፈትለት ይኸው ነው፣ ቀድመን ብንከፍትለት ምን ይጎድልብናል አሉ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ወጪ የሌለው ሐሳብ ይወዳሉና ተስማሙ። እናም በዘጠኝ ቁጥር ግድግዳ ላይ ገና ያልተፀነሱ ልጆች ካርድ ይደረደር ጀመር። የእናት ስም ተሞልቷል፣ አድራሻ ተሞልቷል። የልጁ ስም ባዶ፣ የተወለደበት ቀን ባዶ። ካርዱ ሲገለጥ ውስጡ የክብደት ግራፍ አለ፤ ከታች ወራቱ፣ ከጎን ኪሎው፣ ከዜሮ ወር መስመር በስተግራ ደግሞ ምንም የማይጻፍበት ሁለት ጣት የሚያህል ነጭ ጠርዝ።

በመጀመሪያው ወር የመጡት አሥራ አንድ ሴቶች ናቸው። ዕቅዱ አርባ ነበር። ኃላፊው ሪፖርቱን አይተው ፊታቸው ጠቆረ፤ አባ መዝገብ ግን አይጨነቁ፣ ይሞላል አሉ። በወሩ ማብቂያ ላይ ሲስተር ለአማቷ መቶ ፍሬ ፎሊክ አሲድ ያለበት ዕቃ ሰጠቻቸው፤ ሌላ ሰፈር ያገባችው ልጃቸው መውለድ አስባለችና ይስጡልኝ፣ ሦስት ወር ቀደም ብላ ትጀምር ብላ ደጋግማ አስረዳቻቸው። አማቷ በጥሞና ሰሙ። እንዲህ በጥሞና የሚሰሙ ሰው አይደሉም።

ነጥቦቹ የታዩት በሁለተኛው ወር አጋማሽ ነው። አንዲት አስተማሪ ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ሲስተር ካርዷን ገለጠችና እጇ ባለበት ቀረ። በነጩ ጠርዝ ላይ፣ ከዜሮ ወር በፊት፣ ስድስት የእርሳስ ነጥቦች ነበሩ። ልክ እሷ ራሷ የሕፃናት ክፍል ስትሠራ የስንቱን ልጅ ክብደት በነጠበችበት አኳኋን፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ ከፍ እያለ፣ ወደ መጀመሪያው መስመር የሚሄድ። ልጁ አልተወለደም። አልተፀነሰም። ማን መዝኖት ነው? የሥራ ባልደረባ ቀልድ መሰላትና በላጲስ አጠፋችው። በሳምንቱ ሌላ ካርድ ላይ አምስት ነጥብ አገኘች፤ በማግስቱ ሌላ። አባ መዝገብን ጠየቀቻቸው። እሳቸው ሥራ ከያዙ ጀምሮ እርሳስ ነክተው እንደማያውቁ፣ በእርሳስ የተጻፈ ነገር እንዳልተጻፈ እንደሚቆጠር ነገሯት፤ ቅር ብሏቸውም ዋሉ።

ከዚያ አስተማሪዋ አርግዛ መጣች። ቀጥሎ አምስት ነጥብ ያለባት አረገዘች። ልጅ ፈልጎ የመጣ ሰው ቢያረግዝ ምን ይገርማል ብላ ሲስተር ራሷን ተቆጣች፤ ያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት ክፍሉን ስትከፍት በመደርደሪያው ያሉት ሰማያዊ ካርዶች ወደ እሷ የዞሩ ይመስላት ጀመር። የግድግዳው ሰዓትም አስቸገራት። አራት ሰዓት ከአሥር ብሎ አይታው የግፊት መለኪያውን ክንድ ላይ ጠምጥማ ስትነፋ፣ ቀና ስትል አራት ከሃያ ይላል። የነፋችው ጨርቅም ተንፍሶ ታገኘዋለች። ሰዓቱ ይዘላል ብላ ባትሪውን ሁለት ጊዜ አስቀየረች።

የሚገርመው የሰው ብዛት ነው። በሦስተኛው ወር ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር አልበቃ አለ። ከሌላ ጤና ጣቢያ ክልል፣ በሁለት ትራንስፖርት የሚመጡ ሴቶች ዘጠኝ ቁጥር የቱ ነው ይላሉ። ሲስተር ስታልፍ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ወደ ክፍሉ ሲገቡ ኮቴያቸውን ያሳንሳሉ። ዓይኗን አያዩም፤ የሚያዩት መደርደሪያውን ነው። ክኒኑን በሁለት እጅ ይቀበላሉ፣ ያሏቸውንም ያደርጋሉ፤ በቀን አንድ ስትላቸው አንድ ነው፣ ለምርመራ ባልሽን ይዘሽ ነይ ስትላቸው ይዘው ይመጣሉ። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ታካሚ እንዲህ ሲታዘዝ አይታ አታውቅም። ኃላፊው ደስታቸው ወሰን አጣ፤ ዕቅዱ ከመቶ በላይ ተፈጸመ፣ የሥልጠናው ፍሬ ነው ብለው ለበላዮቻቸው ጻፉ። አንዲት ወጣት ሚስት ብቻ ተመርምራ፣ ክኒኗን ተቀብላ፣ በር ላይ ደርሳ ተመለሰችና ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «የኔ አይሆንም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ሲስተር ምርመራሽ ሁሉ ደህና ነው ብትላት ልጅቷ አልተጽናናችም። ምን እንደጎደለባት ሊገባት አልቻለም።

በአራተኛው ወር መጀመሪያ፣ የዕለቱን ካርዶች ስታገላብጥ፣ የእናት ስም በሚለው ቦታ ላይ የራሷን ስም አነበበች።

ክው አለች። ከዚያ ካርዱን ገለጠችው። በነጩ ጠርዝ ላይ ነጥቦች ነበሩ። አራቱ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ አምስተኛው ባለበት ይቆማል፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ይወርዳሉ። ካርዱን ይዛ እየሮጠች ወደ ካርድ ክፍል ሄደች። አባ መዝገብ ሳያፍሩ አመኑ፤ በመጀመሪያው ወር ዕቅዱ እንዳይጎድል ብለው ትዳር ላይ ላሉት ሴት ሠራተኞች ሁሉ ካርድ ከፍተዋል፣ ለእሷም ጭምር፤ ከሌሎቹ ጋር ጠረጴዛዋ ላይ ነበር የከረመው። መጠየቅ አያስፈልግም ወይ ስትላቸው፣ ያገባ ሰው ይወልዳል፣ ምኑን እጠይቃለሁ አሏት። ነጥቦቹስ አለች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው፣ ሠላሳ ዓመት የሕፃናት ካርድ እንዳየ ሰው ጣታቸውን በነጥቦቹ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሳቡ፣ ነጥቦቹ ከዜሮ ወር በፊት መሆናቸውንም ልብ ሳይሉ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ።

«ይኼ ልጅማ እየቀነሰ ነው» አሉ። «እናቱን አስጠሪያት።»

ሲስተር በዚያን ቀን ካርዱን በቦርሳዋ ይዛ ወደ ቤት ሄደች። ዛሬ እነግረዋለሁ ብላ ቆርጣ ነበር። ባሏ የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ እጅጌው ደርቆ አያውቅም፣ ተጫዋችና ልበ ቀና። ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ አፏን ስትከፍት፣ እሱ ስሟን አነበበና ፊቱ በራ። ለእኛም ከፈትሽልን ብሎ ካርዱን አንስቶ ቁም ሳጥኑ ላይ እንደ ፎቶ አቆመው። ራቅ ብሎ አየው፣ ቀረብ ብሎ አቃናው። አማቷ ከምድጃው አጠገብ ዞር ብለው እሷን ሳይሆን ሆዷን አዩና፣ ሰው ከተጋለት የማይሆን ነገር የለም አሉ። ሲስተር አፏን ዘጋች። ሌሊቱን ሙሉ የሚቀንሰውን ልጅ ስታስብ አደረች፤ እኔን እየጠበቀ ነው፣ ዝም ባልኩ ቁጥር እየሟሸሸ ነው ብላ አመነች። የተማረች ሰው ናት፤ ያም ሆኖ አመነች።

በማግስቱ ሦስተኛዋ ባለ ተራ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሁለት ፅንስ ወርዶባታል፣ ነገር የማትፈራ፣ ከሲስተር ጋርም ተግባብተዋል። ሲስተር የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠመጠመች፣ ስኳርሽ ባለፈው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር እያለች መንፋት ጀመረች።

ጨርቁ ተንፍሷል። ሰዓቱ ዘሏል። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፍታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ትልቅ ሰው ፊት እንደተቀመጠ ልጅ ዝም ብላለች። በሲስተር ቀኝ እጅ እርሳስ አለ። ከፊቷ በተገለጠው ካርድ ነጭ ጠርዝ ላይ ሰባት ነጥቦች አሉ።

«ማን ነው ይኼን የነጠበው?» አለች ሲስተር።

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። የምትቀልድባት መስሏት ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፈገግታው ከፊቷ ጠፋ። «ራስሽ ነሻ» አለች። «አሁን፣ ስትሄጂ ጊዜ።»

«የት ነው የሄድኩት?»

ልብስ ሰፊዋ ማውራት አልፈለገችም። ሲስተር በሩን ዘግታ፣ ወንበሯን አስጠግታ፣ እጇን ይዛ ለመነቻት። ቀስ በቀስ ተናገረች። ሴቱ ሁሉ ያውቀዋል አለች። ሲስተር እያወራች ድንገት ዝም ትላለች፤ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ይተከላል፤ አንዳች ነገር እንደሚያጣጥም ሰው ከንፈሯን ጠብ ጠብ ታደርጋለች፤ እጇ እርሳስ ፈልጎ ከፊቷ ያገኘው ካርድ ላይ ይነጥባል። ከዚያ ትመለስና ያቋረጠችውን ትቀጥላለች። ልጆቹን ታነጋግራቸዋለች፣ የሚመጡትን ትቆጥራቸዋለች ተብሎ በሰፈሩ ተወርቷል። የተነጠበላት ሴት ትወልዳለች። ከሩቅ የሚመጡት ለዚያ ነው። ሲስተር ሳትሄድ የቀረችባቸው እያለቀሱ ነው የሚወጡት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ከሲስተር በቀር ያልሰማ አልነበረም።

«እንዳንረብሽሽ ትንፋሻችንን ይዘን ነው የምንቀመጠው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አንዳንዴ ይቆያል። ባለፈው ጊዜ ለሃጭሽን ጠረግኩልሽ።»

ሲስተር እርሳሱን ከእጇ አስቀመጠች። የሚያነጋግራት ልጅ እንደሌለ በዚያች ቅጽበት ገባት፤ ይኼ መጽናኛ መሆን ሲገባው ከሁሉም የባሰ አስፈራት። ያ ሕመም መሬት ላይ ሳይጥል እንዲህ ሰውን ከራሱ እየሰረቀ እንደሚወስድ ተምራለች፣ ለሌሎችም አስተምራለች። ለዘጠኝ ዓመት ግን አንድ ቀን ክኒኗን አጓድላ አታውቅም። በእነዚህ ሁሉ ሳምንታት ስንት መርፌ ወግታለች? ስንት መጠን ለክታለች? እሷ በሌለችበት እጇ ምን ሲያደርግ ነው የከረመው? ልብስ ሰፊዋን ለሌላ ነርስ አስረክባ፣ ኃላፊውን አሞኛል ብላ፣ በእኩለ ቀን ወደ ቤቷ ሄደች።

ብልቃጡን ከተደበቀበት ከልብሶቿ ሥር አወጣችና አልጋው ላይ ገለበጠችው። በመስኮት በሚገባው ፀሐይ ክኒኖቹ ቢጫ ነበሩ። የእሷ መድኃኒት ነጭ ነው። አንዱን አንስታ ፊደሉን አየች። በየቀኑ ለሴቶቹ በእጇ የምትቆጥረው ፎሊክ አሲድ ነው። ሁልጊዜ በጨለማ ስለምትውጠው፣ በመጠንም ከነጩ ብዙ ስለማይለይ፣ መቀየሩን አላወቀችም።

አማቷ የታጠበ ልብስ ተሸክመው ሲገቡ ክኒኖቹን አልጋው ላይ አዩ። ልብሱን አላስቀመጡትም።

«እማማ፣ ይኼን ማን ነው የቀየረው?»

አማቷ ለመዋሸት አልሞከሩም። ልብሱን እንዳቀፉ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ልጅ የታጣበትን ምክንያት አገኘሁት ብዬ ነበር አሉ። አንድ ማታ በበሩ ክፍተት በኩል፣ በጨለማ ተደብቃ ስትውጥ አይተዋታል። መከላከያ መሰላቸው። ልጄን ያለ ዘር ልታስቀረው ነው ብለው በሆዳቸው ተቃጠሉ፣ ለልጃቸው ነግረው ትዳር ከማፍረስ ግን ሆድ ይፍጀው አሉ። ከዚያ እሷው ቢጫውን ክኒን ሰጥታ፣ ለሚወልድ ሰው የሚጠቅም መሆኑን እሷው አስረዳቻቸው። ሠላሳውን ለሴት ልጃቸው ሰጡ፤ ሰባውን ብልቃጡ ውስጥ ገለበጡ። ነጩን መጸዳጃ ቤት ጣሉት። ዘጠኝ ሳምንት ሆነው።

«ክፉ አላሰብኩብሽም» አሉ። «ሦስት ወር ቀደም ብላ ትጀምር ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በአማቷ ላይ ደረሰ እንዳይባል፣ ብብታቸው ውስጥ ያለውን ሲስተር አሳይታቸው አታውቅም። ሲስተር ተናደደች። ግማሹ ንዴት በራሷ ላይ ስለነበር ግን ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እማማ» አለች በቀስታ፣ «ያ ነጩ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። በድንገት ከተቋረጠ ሰው ይገድላል።»

በዚያ ቤት ያ ቃል ሲነገር የመጀመሪያው ነው። አማቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ልብሱ ከእቅፋቸው ወለሉ ላይ ወረደ። ልጄ ያውቃል ወይ ብለው ጠየቁ። አያውቅም አለቻቸው። ከዚያ ነጠላቸውን ፈልገው ተነሱና፣ ተነሺ ልጄ፣ ሐኪም ዘንድ እንሂድ አሏት። ለልጃቸው ደውለው ወደ ጤና ጣቢያ ና ብቻ አሉት፤ ለምን እንደሆነ እኔ ራሴ ነኝ የምነግረው ብላ ሲስተር አስምላቸዋለች። መንገዱን ሁሉ ክርኗን ይዘው፣ በየጥቂት እርምጃው ፊቷን እያዩ ሄዱ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ከሲስተር ጋር አንድ ኮሪደር ላይ ይሠራሉ። ሁሉንም ሰማች፤ አልተቆጣችም፣ መቆጣት ሲገባት አለመቆጣቷ ሲስተርን የበለጠ አሳፈራት። ሽንቷ ታየ፤ እርግዝና የለም። መድኃኒቱ ዛሬውኑ ይጀመራል፣ ለፅንስ ወደማያሰጋው ቀስ በቀስ የሚለውጥልሽ የነርቭ ሐኪም ዘንድ እልክሻለሁ አለች። ከዚያ ወረቀት ሳበችና፣ ሲስተር ስንት መቶ ሴት የጠየቀችውን፣ አንድም ሰው እሷን ጠይቋት የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቀቻት።

«በመጪው አንድ ዓመት ውስጥ ልጅ ለመውለድ ታስቢያለሽ?»

ሲስተር ለመመለስ አፏን ከፈተች።

ክፍት የነበረው መስኮት ተዘግቷል። ወንበር ላይ አይደለችም፤ የምርመራ አልጋው ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ ጫማዋ የለም። ምላሷ አብጧል፣ አፏ ደም ደም ይላል። ጭንቅላቷ ሥር የአማቷ ነጠላ አለ። ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቷል። በሩ አጠገብ ባሏ ቆሟል፣ እጅጌው ረጥቧል፣ የመፍቻ ቦርሳው ወለሉ ላይ ተዘርግፏል፤ ሲገባ አላየችውም። ሰዓቱ አርባ ደቂቃ አልፏል። ሰውነቷ ሁሉ ተደብድቦ እንዳደረ ሰው ያማታል። ይኼኛው ጊዜ የሚጥለው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ባሌ ያየኛል ብላ የፈራችው ነገር፣ እሷ በሌለችበት፣ ከዳር እስከ ዳር ተፈጽሞ አልቋል።

«መልሻለሁ?» አለች።

«ምኑን?» አለች ዶክተሯ።

«ጥያቄውን።»

ዶክተሯ አሁን አረፍ በይ አለቻት። ባሏ ቀረበ። ፊቱ አመድ መስሏል። አየሁ፣ ምንም አትናገሪ አላት።

«ያየኸው አይበቃም» አለች ባበጠ ምላሷ። «እኔ ልንገርህ።»

ነገረችው። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምራ፣ መጀመሪያ የወደቀችበትን የትምህርት ቤት ክፍል፣ ጸጥ ያሉትን ዘጠኝ ዓመታት፣ ብልቃጡን፣ የተቋረጠውን መርፌ፣ በየወሩ ያለችውን ተመስገን፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። አማቷ ሳይጠየቁ የራሳቸውን ድርሻ ጨመሩ፤ እኔ ነኝ የጣልኩት አሉ። ባሏ ሁለቱንም ሰማና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ተቆጥቷል፤ ትከሻው ያስታውቃል። አጠገብሽ ተኝቼ ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ሲስተር ይውጣም፣ ይሳደብም፣ የሚያደርገውን ሁሉ ነቅታ ለማየት ዓይኗን ላለመክደን ታገለች። እሱ ግን ዞሮ መጣና አልጋው ጠርዝ ላይ፣ እግሯ ሥር፣ ተቀመጠ።

«ዶክተር፣ ጥያቄውን ይድገሙልኝ» አለች ሲስተር።

ዶክተሯ ባሏን አየች፣ እሷን አየች፣ ወረቀቱን አንስታ ደገመችላት።

«አስባለሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን እኔ ራሴ ልገኝ።»

ዶክተሯ አዎ የሚለውን አከበበችና የሚወሰድ መድኃኒት ወደሚለው መስመር ወረደች። ሲስተር የመድኃኒቱን ስም ጮክ ብላ ተናገረች። ባሏ ድገሚልኝ አላትና ራሱ ሞከረው። ሁለት ጊዜ ሳተው፤ በሦስተኛው ያዘው።